ከአንድ በታች የሆነች ቁጥር

በማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ የተከበበች አንዲት ቁጥር አለች፤ 0.94 ትላለች። ከጎኗ «ስህተት፤ ይደገም» ብዬ ጽፌባታለሁ። በሚቀጥለው ገጽ ላይ 0.93፣ ከዚያ 0.95፣ ከዚያም ተመልሶ 0.94 ሰፍሯል። ለስድስት ሳምንታት ያህል ከላብራቶሪ ወጥቼ ወደ ማደሪያዬ ስሄድ፣ ባቡር ስጠብቅ፣ ሌሊትም ከእንቅልፌ ስባንን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለችው ይህችው ቁጥር ነበረች። ዓመታት ካለፉ በኋላ ዛሬ ስለ እርሷ የምጽፈው፣ ፖሊመር (ፕላስቲክና ላስቲክ የሚሠሩበት ቁስ) ጋዝን ከጋዝ እንዴት እንደሚለይ ያለኝ ግንዛቤ በሙሉ ከእርሷ በፊትና ከእርሷ በኋላ ተብሎ የሚከፈል ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ቁጥሯ የምትናገረው ነገር ቀላል ነው። አንድን የፖሊመር ሜምብሬን፣ ማለትም ጋዝ የሚያሳልፍ ስስ ገጽ፣ በመለኪያው ውስጥ አጠብቀዋለሁ፤ በአንድ ወገኑ መጀመሪያ ኦክስጅን፣ ቀጥሎ ናይትሮጅን በእኩል ግፊት እለቅበታለሁ፤ በወዲያኛው ወገን ከእያንዳንዱ ምን ያህል እንዳለፈ እመዘግብና የኦክስጅኑን ለናይትሮጅኑ አካፍላለሁ። የሚገኘው ውጤት የሜምብሬኑ መራጭነት ነው። የምሠራበት ፖሊሰልፎን የተባለው ፕላስቲክ ኦክስጅንን ከናይትሮጅን 5.6 ጊዜ ያህል አስበልጦ እንደሚያሳልፍ በሙያው የታወቀ ነው። 5 ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ 3 ባገኝ እጄ ገና አልተፍታታም እል ነበር፤ 1 ቢሆን እንኳ ሜምብሬኑ ተቀዷል፣ ሁሉን እኩል ያሳልፋል ብዬ እጥለው ነበር። ከአንድ በታች መሆኑ ግን ግራ አጋባኝ፤ ናይትሮጅን ኦክስጅንን ቀድሞ አለፈ ማለት ነውና። የፈለግሁትን የማይለይ ብቻ ሳይሆን፣ በጥቂቱም ቢሆን በተገላቢጦሽ የሚለይ ነገር ሠርቼ ነበር።

ወደዚህ ሙያ የገባሁት በኮሮናው ዘመን ነው። አጎቴ ታሞ በነበረበት ሰሞን የኦክስጅን ሲሊንደር ፍለጋ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ስንንከራተት፣ በዙሪያችን ያለው አየር አንድ አምስተኛው ኦክስጅን ሆኖ ሳለ ኦክስጅን አጣን ማለታችን እንደ ስድብ ተሰምቶኝ ነበር። አየሩን የሚያጣራ ስስ ፕላስቲክ ቢኖር፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ በእጅ ፓምፕ የሚሠራ ቢሆን እያልኩ አልም ነበር። ለትምህርት ውጭ አገር ስሄድ ይዤው የሄድኩት ይህንን ሕልም ነው። ሕልሙ በሒሳብ ፊት ብዙ እንዳልቆመ ከዚሁ ልናገር፦ መራጭነቱ 5.6 የሆነ ሜምብሬን፣ በወዲያኛው ወገን ፍጹም ቫኪዩም ቢኖር እንኳ፣ ከተራ አየር በአንድ ዙር የሚያወጣው ኦክስጅን ከ60 በመቶ አያልፍም። በየሆስፒታሉ የምናያቸው፣ ኦክስጅንን ከአየር የሚያጣሩት ኮንሰንትሬተሮች 93 በመቶ ገደማ የሚደርሱት በፖሊመር አይደለም፤ ናይትሮጅንን በሚይዝ ዚዮላይት በተባለ ማዕድን ነው። ይህንን የተረዳሁት ግን ሥራውን ከጀመርኩ በኋላ ስለነበር፣ ወደኋላ አልተመለስኩም።

የወንፊት ሐሳብ

ችግሬ የጀመረው በምስል ነው። ስለ ሜምብሬን ሳስብ የሚታየኝ እናቴ ዱቄት ስትነፋ የምትይዘው ወንፊት ነበር። ደቃቁ ይወርዳል፣ ሸካራው ይቀራል፤ የወንፊቱ ዓይን በጠበበ መጠን የሚወርደው ይልማል። ኦክስጅንና ናይትሮጅንም በመጠን ይለያያሉ፦ የኦክስጅን ሞለኪውል 3.46 አንግስትሮም፣ የናይትሮጅን 3.64 አንግስትሮም ተብሎ ይገመታል (አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው)። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚውል ዓይን ያለው ወንፊት መሥራት ነው ጉዳዩ፣ የፖሊመር መዋቅር ማለትም የቀዳዳ መዋቅር ማለት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 0.18 አንግስትሮም ብቻ ነው፤ ይህም ከአንዲት የሃይድሮጅን አቶም ስፋት እንኳ እጅግ ያነሰ ነው። ከአቶሞች በተሠራ ነገር ላይ በዚህ ልክ የተቀደደ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ቋሚ ቀዳዳ መጠበቅ ከባድ ነው። ፖሊመር ደግሞ እንደ ሸማ በሥርዓት የተሸመነ ነገር አይደለም፤ እንደ ተቀቀለ ፓስታ የተጠላለፉ ረጃጅም ሰንሰለቶች ክምር ነው። በሰንሰለቶቹ መካከል ትንንሽ ባዶ ስፍራዎች አሉ፤ እነዚህ ግን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ቀዳዳዎች አይደሉም። እያንዳንዳቸው በራቸው የተዘጋ ክፍሎች ናቸው።

ጋዝ ታዲያ እንዴት ያልፋል? መጀመሪያ በፖሊመሩ ውስጥ ይሟሟል፤ ስኳር በሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ማለት ነው። ከዚያ በአንዱ ባዶ ክፍል ውስጥ ታጉሮ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ ይቆያል። ሰንሰለቶቹ ግን በሙቀት ኃይል ዘወትር ይንቀጠቀጣሉ፤ በአንዲት ቅጽበት ሁለቱ ፈቀቅ ይሉና በክፍሉና በአጎራባቹ መካከል በር ይከፈታል፤ ሞለኪውሉ ይዘላል፤ በሩ ይዘጋል። 3.46 አንግስትሮም የሚከፈት በር 3.64 አንግስትሮም ከሚከፈተው ይበልጥ ይደጋገማልና ኦክስጅን ብዙ ጊዜ ይዘላል። ስለዚህ የሚለየው የቀዳዳው ስፋት ሳይሆን የበሩ መከፈት ድግግሞሽ ነው። ይህንን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ በፈተናም መልሼዋለሁ። ወንፊቱ ግን ከአእምሮዬ ንቅንቅ አላለም።

በሩን ማን ይቆጣጠራል ቢባል፣ የሰንሰለቱ ግትርነት ነው። ሲሊኮን ላስቲክ በጣም ተጣጣፊ ነው፤ ከዜሮ በታች ወደ 125 ዲግሪ ካልቀዘቀዘ እንደ መስታወት አይደርቅም። በክፍል ሙቀት ሰንሰለቶቹ ሲጨፍሩ ስለሚውሉ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፦ ኦክስጅንን 600 ባረር ያህል ያሳልፋል፣ መራጭነቱ ግን ከ2 ብዙም አያልፍም። (ባረር በዚህ ጥናት ቀዳሚ በነበረው በሪቻርድ ባረር ስም የተሰየመ የአሳላፊነት መለኪያ ነው።) ፖሊሰልፎን በተቃራኒው በሰንሰለቱ ላይ ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበቶች የተሰካኩበት ግትር ነገር ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ185 ዲግሪ ካላለፈ አይለሰልስም፤ አሳላፊነቱ 1.4 ባረር ብቻ ነው፣ መራጭነቱ ግን 5.6። ሁለት ወዶ አይሆንም እንዲሉ፣ ለጋስ የሆነው አይመርጥም፣ መራጩ ይሰስታል። ሎይድ ሮብሰን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የታወቁትን ፖሊመሮች ሁሉ በአሳላፊነታቸውና በመራጭነታቸው በአንድ ሥዕል ላይ አስፍረው፣ የትኛውም ያላለፈውን ወሰን የሚያሳይ አንድ ሰያፍ መስመር ከላይ አሰመሩ፤ ከዚያ ወዲህ የሙያው ሰው ሁሉ ሥራ ያንን መስመር መግፋት ሆነ። በ2008 መስመሩን ራሳቸው ወደ ላይ ከፍ አደረጉት።

ወንፊቱን ጥርጣሬ ላይ ሊጥልብኝ የሚገባ ሌላም ነገር ነበር፤ ያኔ ግን ልብ አላልኩትም። ሲሊኮን ላስቲክ የቤንዚን ተንን ከናይትሮጅን አስበልጦ ያሳልፋል። የቤንዚን ሞለኪውሎች ግን ከናይትሮጅን እጅግ የገዘፉ ናቸው። ገብሱ ወርዶ ጤፉ የሚቀርበትን ወንፊት ማን አይቷል? ምክንያቱ የተኑ በላስቲኩ ውስጥ አብዝቶ መሟሟቱ ነው፤ በሩ ሰፊ በሆነበት ቤት የሚያሸንፈው ቀጭኑ ሳይሆን አስቀድሞ ገብቶ የሞላው ነው።

ፊቱና ዓይኑ

የሠራሁት ሜምብሬን ወጥ ገጽ አልነበረም። ወጥ የሆነ 50 ማይክሮሜትር ፖሊሰልፎን መራጭ ቢሆንም የሚያሳልፈው ጋዝ ከቁጥር አይገባም። የሚያልፈው መጠን ከውፍረቱ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ ጥቅም ላይ የሚውለው የሚለየው ክፍል ከ0.1 ማይክሮሜትር ሲሳሳ ነው፤ ይህም የፀጉር ስፋት ከሺህ አንድ እጁ ገደማ መሆኑ ነው። ይህን ያህል የሳሳ ነገር ደግሞ ብቻውን አይቆምም። መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ሎብ እና ሱሪራጃን የተባሉ ተመራማሪዎች የባሕር ውኃ ለማጣራት ሲደክሙ አገኙት፦ ከላይ ስስ ጥቅጥቅ ያለ ቆዳ፣ ከሥር ደግሞ ሸክሙን የሚችል ባለ ቀዳዳ ወፍራም ክፍል፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከአንድ ውህድ የሚወጡ።

አሠራሩን ለእናቴ በስልክ ላስረዳት የሞከርኩበት ቀን ነበር። ፖሊመሩን በፈሳሽ አሟሟለሁ፣ በመስታወት ላይ በእኩል ውፍረት እዘረጋዋለሁ፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ውኃውን ቀድሞ የነካው ፊት ወዲያው ይረጋና ልስልስ ይሆናል፣ ከኋላው ያለው ቀስ ብሎ ሲረጋ ዓይን ያወጣል አልኳት። «እንጀራ ነዋ» አለችኝ፤ «ምጣዱን የነካው ልስልስ፣ ላይኛው ዓይናማ።» እውነቷን ነው። በምጣዱ ላይ ዓይኑን የሚያወጣው አረፋ ነው፣ በእኔ ዘንድ ደግሞ ውኃው ሲገባ ፈሳሹ መውጣቱ ነው፤ የትኛው ፊት ቀድሞ እንደረጋ ግን በሁለቱም መዋቅሩን ይወስናል። ልዩነቱ የእንጀራ ጥሩነት በዓይኑ ሲሆን፣ የሜምብሬን ጥሩነት ማንም በማያየው ልስልስ ፊት መሆኑ ነው። ከፍትፍቱ ፊቱ የሚለው ተረት ለዚህ ባይተረትም፣ ለእኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሜምብሬን ተረት ሆኗል።

ታዲያ እኔ በዚህ መንገድ ስሠራ የማገኘው 0.94 ነበር። የሚያልፈው የጋዝ መጠን ደግሞ ከሚጠበቀው በመቶ እጥፍ ይበልጣል። በመጀመሪያው ቀን ብዛቱን ብቻ አይቼ የሮብሰንን መስመር የጣስኩ መስሎኝ ነበር፤ ይህንን ለማንም አልነገርኩም፣ አሁን ግን መናገሩ አያሳፍረኝም። የውህዱን መጠን ለወጥኩ፤ የውኃውን ሙቀት ለወጥኩ፤ መለኪያው የሚያፈስ መስሎኝ ጎማዎቹን ሁሉ ቀየርኩ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ቁጥሯ ከ0.93 እስከ 0.95 እየተመላለሰች በቦታዋ ተቀመጠች።

ሃያ ስምንትና ሠላሳ ሁለት

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የምትቀድም ኢራናዊት ተማሪ በአጠገቤ ስታልፍ ደብተሬ ላይ ዓይኗን ጣለች። ቀዩን ክበብ አይታ «ይህ የምን ስህተት ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «ስህተት እኮ እንዲህ አይደጋገምም» አለች፤ «ስህተት ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን 0.6፣ አንድ ቀን 1.8 ይልህ ነበር። ይህ አንድ ነገር የሚናገር ቁጥር ነው።» ከዚያ እርሳሴን አንሥታ በገጹ ጥግ 28 ጻፈች፤ ከሥሩ 32፤ በላያቸው የስኩዌር ሩት ምልክት ሠርታ ሄደች። መልሱን እንኳ አልጻፈችም።

28ን ለ32 ሳካፍል 0.875 ሆነ፤ ስኩዌር ሩቱ ደግሞ 0.935። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ የቆየሁበትን ጊዜ አላስታውስም። 28 የናይትሮጅን፣ 32 የኦክስጅን ሞለኪውል ክብደት ነው። ቀላሉ ከከባዱ በክብደታቸው ስኩዌር ሩት ልክ ይፈጥናል፤ ሁላችንም በትምህርት ቤት የሸመደድነው የግራሃም ሕግ ነው። ለፈተና ሸምድጄ፣ ለፈተና መልሼ፣ ከዚያ የጣልኩት ሕግ ስድስት ሳምንት ሙሉ በገዛ ደብተሬ ላይ ስሙን ሲጽፍልኝ ነበር።

ሕጉ የሚሠራው ቀዳዳ ባለበት ነው። በተራ ግፊት አንድ የአየር ሞለኪውል ከሌላው ሳይጋጭ የሚጓዘው ርቀት በአማካይ 70 ናኖሜትር ገደማ ነው (አንድ ናኖሜትር አሥር አንግስትሮም ነው)። ቀዳዳው ከዚያ ከጠበበ፣ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ሳይሆን ከግድግዳው ጋር እየተጋጩ ያልፋሉ፤ ዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ ማርቲን ክኑድሰን በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ ያጠኑት ፍሰት ይህ ነው። ያን ጊዜ መጠን አይጠይቅም፣ መሟሟት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ፍጥነትን ብቻ ነው፣ ፍጥነት ደግሞ ለቀላሉ ያደላል። ስለዚህ በሜምብሬኔ ቆዳ ላይ ዓይን የማያያቸው፣ ጥቂት ናኖሜትሮች የሚሰፉ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ጋዙ በሙሉ ማለት ይቻላል በእነርሱ ነበር የሚያልፈው። ለካ እኔ ስመኘው የነበረው ወንፊት በእጄ ነበር! በእውነተኛ ቀዳዳዎች የተሞላ እውነተኛ ወንፊት ሠርቻለሁ፤ ወንፊት ኦክስጅንን ከናይትሮጅን ሲለይ የሚሰጠው መልስ ደግሞ 0.94 ነው።

በዚያ ሌሊት ስለ ቶማስ ግራሃም ሳነብብ አደርኩ። ስኮትላንዳዊው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1833 ሕጉን ያወጣው ጋዞችን በጄሶ ድፍን ውስጥ በማሳለፍ ነው፤ ጄሶ ደግሞ ቀዳዳማ ነገር ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1866፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ሆኖ፣ ያንኑ ጥያቄ በላስቲክ ላይ ደገመው። በዚህ ጊዜ ሕጉ አልሠራም፤ ከባዱ ኦክስጅን ቀላሉን ናይትሮጅን ቀድሞ አለፈ፣ ከተራ አየርም ኦክስጅኑ ከ40 በመቶ በላይ የሆነ ጋዝ አገኘ። ግራሃም የራሱ ሕግ አልሠራ ሲለው ላስቲኩን አልኮነነም። ላስቲክ ቀዳዳ የለውም፣ ጋዙ በውስጡ እንደ ፈሳሽ ይሟሟና በወዲያኛው ወገን ይተንናል ብሎ ጻፈ። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ሁለቱን መንገዶች አገኘ፤ እኔ ደግሞ የሁለተኛውን መንገድ ሜምብሬን ሠራሁ ብዬ በመጀመሪያው መንገድ ላይ ቆሜ ነበር።

የላስቲክ ጥገና

ቀዳዳዎቹ ምን ያህል ነበሩ? ይህንን በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል፤ ስሠራው ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። 10 ናኖሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ፣ በእኩል ስፋትና በእኩል ውፍረት ካለው ፖሊሰልፎን ጋር ቢነጻጸር፣ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ያህል ጋዝ ያሳልፋል። ስለዚህ ከቆዳው ስፋት ከሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ቀዳዳ ቢሆን፣ በዚያ የሚሾልከው ጋዝ በቀረው ሁሉ ከሚያልፈው ጋር ይተካከላል። የእኔ ሜምብሬን መቶ እጥፍ ያሳልፍ ስለነበር፣ የቀዳዳው ድርሻ ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ነበር ማለት ነው። ከአሥር ሺህ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ እጅ እንከን የለሽ ነው፤ ያ ሁሉ ግን ምንም አልፈየደም።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ቆዳውን ማወፈር ነበር፤ ይህም ቀዳዳውን ለመድፈን የሚያልፈውን ሁሉ መገደብ ይሆናል። ትክክለኛውን መንገድ ያገኙት ሄኒስ እና ትሪፖዲ የተባሉ፣ ሞንሳንቶ በተባለው የአሜሪካ የኬሚካል ኩባንያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ኩባንያው ፕሪዝም በተባለ ስም እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ገበያ ላይ ያዋለው ሜምብሬን በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። መጀመሪያ የዋለውም በአሞኒያ ፋብሪካዎች ውስጥ ነው፤ ከሚጣለው ጋዝ ውስጥ ሃይድሮጅኑን መልሶ ለመያዝ። (ገበሬዎቻችን በማሳቸው የሚበትኑት ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ መሆኑን ሳስብ፣ ይህ ሙያ ከማጀታችን እምብዛም የራቀ አይመስለኝም።) ያደረጉት ነገር ሞኝነት ይመስላል፦ መራጩን ፖሊሰልፎን በማይመርጠው ሲሊኮን ላስቲክ ቀቡት።

እኔም ሲሊኮኑን በሄክሴን አቅጥኜ በሜምብሬኑ ላይ አፈሰስኩት፣ አንድ ማይክሮሜትር ያህል እስኪቀር አደረቅሁት፣ መልሼም ለካሁ። 5.2 አለኝ። የሚያልፈው ጋዝ ወደ መቶኛው ወርዶ በትክክል ከፖሊሰልፎን የሚጠበቀው ዘንድ ደረሰ። መለኪያውን አጥፍቼ አብርቼ ደገምኩት፤ አሁንም 5.2።

ምክንያቱ ግልጽ የሆነልኝ ቀስ ብሎ ነው። ሲሊኮን ከፖሊሰልፎን በ430 እጥፍ ያህል ለጋስ ነው፤ ሚሊዮን እጥፍ ከሚያፈስ ባዶ ቀዳዳ ጋር ሲተያይ ግን ግድግዳ ነው። ቀዳዳውን ሲሞላው ከአሥር ሺህ አንድ የሆነው ስፍራ መቶ እጥፍ ማፍሰሱን ትቶ 4 በመቶ ያህል ብቻ ያፈስሳል። በጤነኛው ክፍል ላይ ደግሞ ያው ሲሊኮን የለም ማለት ይቻላል፤ ከቆዳው አሥር እጥፍ ቢወፍርም 430 እጥፍ ስለሚያሳልፍ የሚጨምረው ተቃውሞ ከመቶ 2 ትንሽ ቢያልፍ ነው። በቀዳዳው ላይ ግድግዳ፣ በቆዳው ላይ ክፍት ሜዳ መሆን የቻለው ለጋስነቱ በሁለቱ መካከል ስለሚውል ነው። ሁለተኛ ፖሊሰልፎን ብቀባው ኖሮ ቀዳዳው በተደፈነ፣ ሜምብሬኑም አብሮ በታፈነ ነበር። ስለ ፖሊመር መዋቅር ሲወራ ሰው ሁሉ የትኛው ቁስ ይበልጣል ይላል፤ እኔን ያስተማረኝ ግን የትኛው ቁስ የት ላይ ተቀመጠ የሚለው ነው። በሮብሰን ሥዕል ላይ ተራ የሆነው ሲሊኮን፣ በትክክለኛው ቦታ ሲቀመጥ ያለ እርሱ ዋጋ ያልነበረውን ነገር አድኗል።

ሲሮጡ የታጠቁት

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግትር ፖሊመሮች ግን አንድ ጠባይ አላቸው፤ ባሉበት አይረጉም። ፖሊሰልፎን ሲደርቅ ሰንሰለቶቹ ተመቻችተው ሳይተኙ፣ እንደተጠላለፉ፣ እንደቸኮሉ ይደርቃሉ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ባዶ ስፍራ ከሚገባው በላይ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራትና ዓመታት፣ ዓይን በማያየው እንቅስቃሴ፣ ሰንሰለቶቹ ቦታ ቦታቸውን እየያዙ ይጠጋጋሉ፤ ባዶው ስፍራ ይቀንሳል፣ በሩ ይጠብባል። ሜምብሬኑ በሳሳ መጠን ይህ እርጅና ይፋጠናል፤ ስለዚህም በጣም ያሳሳነው ቆዳ ፈጥኖ የሚያረጀውም እርሱ ነው።

ይህ ጠባይ በዘመኑ ትልልቅ ተስፋዎች ላይ ሁሉ ጥላውን አጥልቷል። እ.ኤ.አ. በ1983 ከጃፓን የወጣው ፒቲኤምኤስፒ የተባለ ፖሊመር እስከዚያ ያልታየ አሳላፊነት ነበረው፤ ሰንሰለቱ ላይ የተሰካው የአቶሞች ስብስብ ገዝፎ ከጎረቤቱ ሰንሰለት ጋር መጠጋጋት ስለሚከለክለው ነው። ነገር ግን አይመርጥም፣ እያደር ደግሞ ያንን ባዶ ስፍራውን ያጣል። በ2004 ከማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የወጣው ፒም-1 ደግሞ ሰንሰለቱ እዚህም እዚያም የተቆለመመ ግትር መሰላል ነው፤ መሰላሎችን ቤት ውስጥ ብትከምር መካከላቸው ባዶ እንደሚቀር፣ እርሱም ባዶ ስፍራን በቅርጹ ይይዛል። የሮብሰን መስመር በ2008 ከፍ ያለው በከፊል በእርሱ ምክንያት ነው። እርሱም ግን ያረጃል።

የተውኩት ሕልም በሌላ በር ተመልሶ አግኝቶኛል። አየርን የሚለየው ሜምብሬን ለሐኪም የሚበቃ ኦክስጅን ባይሰጥም፣ በዚህኛው ወገን የሚቀረው ናይትሮጅን ጥሩ ገበያ አለው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1996 ቲደብሊውኤ 800 የተባለው በረራ ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ብዙም ሳይርቅ በነዳጅ ጋኑ ውስጥ በተነሣ ፍንዳታ 230 ሰዎች አለቁ፤ ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ሕግ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የነዳጅ ጋን በቀላሉ የማይቀጣጠል እንዲሆን አስገደደ። በቦይንግ 787 ውስጥ ይህንን የሚያደርጉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ የፖሊመር ክሮች ናቸው፤ ኦክስጅኑ በክሩ ግድግዳ ሾልኮ ይወጣል፣ ናይትሮጅን የበዛበት አየር ወደ ጋኑ ይሄዳል። ወደ አዲስ አበባ በድሪምላይነር በተጓዝኩ ቁጥር ጎረቤቴ በመስኮት ደመናውን ሲያይ፣ እኔ ወለሉን አያለሁ፤ ከሥራችን ስላሉት ክሮች፣ ስለ ቆዳቸው ስስነት፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ከሚሊዮን አንድ እጅ ቀዳዳ እንዳይኖር ስለተጨነቁት ሰዎች አስባለሁ። አንድ ጊዜ ይህንን ለአጠገቤ ለተቀመጡ እናት ላስረዳ ስጀምር «ልጄ፣ ስለ ፍንዳታ አታውራ፤ እኔ እንደሆነ ጸሎቴን አድርሻለሁ» ብለውኝ ዝም አልኩ።

በላስቲክ የጠገንኩት ሜምብሬን አሁንም አለኝ። ከላብራቶሪው ስወጣ ፈቃድ ጠይቄ በፖስታ ጠቅልዬ ይዤው መጥቻለሁ። ባለፈው ዓመት ዕድሉን አግኝቼ ዳግመኛ ለካሁት። የሚያልፈው ጋዝ ከሦስት እጅ አንዱ ያህል ቀንሷል፤ መራጭነቱ ግን 5.4 ደርሷል። ደብተሩን አውጥቼ ያንኑ ገጽ ገለጥኩ፤ በጥጉ ላይ የ28 እና የ32 እርሳስ ሊጠፋ ደርሷል። ከ5.2 ሥር 5.4 ጻፍኩ፣ ቀኑንም መዘገብኩ፣ ለሚቀጥለው ዓመትም አንድ መስመር ባዶ ተውኩ።